በቁሟ የጠየቅሁት እድር

እናቴን ግማሽ ጎኗን የያዛት የስንዴ አጨዳ ሲጀመር ነው። እኔ አረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ፣ ዲንሾ የምታስተምረው ታናሽ እህቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ ሮቤ ገባችና ስታገላብጣት ከረመች። ለእረፍት ስመጣ ፈቃዷ ሊያልቅ ነበር፤ ካልተመለሰች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ከጎሮ ጠንካራ አስታማሚ አግኝተናል። ግን የእሷን ደመወዝ በየወሩ፣ እግዚአብሔር ያውቃል እስከ መቼ፣ ከየት እናምጣ? የእህቴ ለራሷም አይበቃት፣ የእኔም ኮንትራት ይታደስ አይታደስ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ መንገድ ላይ ሐሳብ መጣልኝ። ከላይ የተላከልኝ መሰለኝ። እናቴ ከአባታችን ሞት በኋላ እንኳ የእድር መዋጮ አቋርጣ አታውቅም። ታዲያ ስትሞት የሚወጣላትን አሁን ቢሰጡን ምን ኃጢአት አለው?

እሑድ የእድሩ ዳኛ ከቅዳሴ መልስ ሊጠይቋት መጡ። ሳይገቡ በረንዳው ላይ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ለእናቴ የሚወጣውን አሁን ብትሰጡን?»

«የምኑን?»

«የእድሩን። ለአስታማሚ እንድናደርገው።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው ደፉት። «ልጄ፣ እሱ እኮ ሲቀበሩ ነው።»

«አውቃለሁ። ያን ጊዜ ምን ያደርግላታል ብዬ ነው።»

ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ። ከታመመች ወዲህ ምላሷ ይተሳሰር ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጥርት አለ።

«አንተ ዳኛ! ግባ እንጂ! ምን ትንሾካሾካለህ?»

ገባን። ሰውዬው ሊሸፍኑልኝ ብለው «ስለ ድንኳኑ እየተጨዋወትን ነው፣ እትዬ፤ በዝናቡ በስብሶብን» አሉ። ወዲያው ያሉት ገብቷቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ያመመኝ ጎኔን ነው፤ ጆሮዬን አይደለም» አለች። «እስቲ ንገራት፤ መዋጮ የዘለልኩበት ወር አለ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«እንግዲያው አትንኩት። ሞቼ ለመግነዜ ሰው ኮፍያ ይዞ አይዞርልኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ወይስ ከቸኮልሽ አሁኑኑ ልሙትልሽ?»

እህቴ ሳቋ አመለጣት። ዳኛውም ሳቁ። እኔ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ ሳስተካክል ቆየሁ፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም።

በማግስቱ የኮምባይነር መለዋወጫ የሚሸጠውን ጎረቤታችንን አስጠራችው። «አዮ፣ አካም ቡልተኒ?» ብሎ እንደ ልማዱ እንዴት አደሩ አላት፤ እንደ እናቱ ነው የሚያያት። በኦሮምኛ ብዙ አወሩ። በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል፣ የምትተኛበትን፣ ለሱቅ አከራየችው። ኪራዩ ለአስታማሚዋ ይሁን አለች። እኔና እህቴ አልጋዋን ወደ ጓዳው ስንወስድ አንዴም ወደ መንገዱ ዞራ አላየችም። ጓዳው መስኮት የለውም።

«እዚህ ይሞቃል» አለችን።

የጎሮዋ ሴት መጣች፤ እህቴም ወደ ዲንሾ ተመለሰች። ልሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ዳኛው እንደገና መጡ፣ በጓሮ በር በኩል። አስታማሚዋ እናቴን አጥባ፣ ነጭ አልብሳ፣ ትራስ አስደግፋታለች።

«ተመስገን፣ እትዬ! እንዴት አማረብዎት! ማን ነው የቀጠረልዎት?»

ወለሉን እያየሁ ጠበቅሁ።

«ማን ይሆናል?» አለች እናቴ። «ይቺ የአረብ አገሯ ልጄ ናት እንጂ። በየወሩ እሷ ናት የምትከፍለው።»

ላርማት አፌን ከፈትሁ። እናቴ በደህናው እጇ ክንዴን ጫን አደረገችው።

ሰውዬው ተነሥተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ተባረኪ ልጄ። ወላጅ የሚጦር አይጎድልበትም። እድሜሽን ያርዝመው።»

«አሜን» አልኩ።