የጉድጓዱ ማሽላ

ባለፈው ሳምንት ቆቦ ገበያ ውስጥ አንዲት ነጋዴ የጆንያዋን አፍ ስትፈታ የጉድጓድ ማሽላ ሽታ፣ ያ እንደ እርጥብ አፈርም እንደ እርሾም የሚሸተው፣ ፊቴን መታኝና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሴትዮዋ "ይግዙኝ እንጂ እማማ" ትለኛለች፤ እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ በአባቴ ጓሮ ነበርኩ።

ቤታችን ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የሣር ክዳን ጎጆ ነበረች። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ከስልሳ ስድስቱ ረሀብ በፊት በነበረው ደህና ዓመት ያገኘውን ማሽላ ጓሯችን በተቆፈረ ጉድጓድ ከትቶ፣ አፉን በድንጋይና በጭቃ ደፍኖታል። ከዚያ ዝናቡ አንድ ዓመት ቀረ፤ በሁለተኛውም ቀረ። ከብቱ አለቀ፣ ከዋጃ በኩልም ሰው ልጁን እያዘለ በመኪናው መንገድ ይጎርፍ ጀመር።

በዚያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ፣ እህል ነጋዴ ከነጭነት መኪናው ደጃችን ቆመ። ለጉድጓዱ የጠራው ዋጋ ሁለት በሬ ገዝቶ ቤታችንን ቆርቆሮ የሚያለብስ ነበር። እናቴ ቆርቆሮ ስትመኝ ነው የኖረችው፤ ዝናብ ሲወርድበት ድምፁ ምን እንደሚመስል ሳይቀር ትተርክልን ነበር። አባቴ ግን "ነገ ቅዳሴ ደርሼ ልመለስና እነግርሃለሁ" ብሎ አሰናበተው።

እሁድ አብሬው ሄጄ ነበር። ስንወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን አስደግፋ፣ በጣሳ ቅጠል ትቀቅላለች። አባቴ አጠገቧ ተቀመጠና ጣሳውን ሲያይ ቆየ። ቤት እንደደረስን ጎረቤታችንን አያ ሰይድን ጠርቶ፣ ሁለቱ ዶማ ይዘው የጉድጓዱን አፍ ከፈቱት።

እናቴ እየሮጠች መጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጆችህን ምን ልታበላ ነው?"

"ያለውን ነዋ።"

"ሲያልቅስ?"

"ሲያልቅ እንደ ሰዉ እንሰለፋለን። እግዜር ማሽላውን የሰጠኝ ለዚህ ቀን ነው።"

አያ ሰይድ ላቡን እየጠረገ "አላህ ይቀበልህ" አለ፤ እናቴ እሱንም ገላመጠችው።

ነጋዴው ሲመለስ ደጃችን ላይ ያገኘው የተራበ ሰው ነበር። በየማለዳው በትልቁ ድስት ንፍሮ ይጣዳል፤ ለመንገደኛውም ለእኛም የሚሰፈረው በአንድ ጭልፋ ነው። እኛ ልጆች ተራችን ሲደርስ ጭልፋው ጠለቅ እንዲልልን በዓይናችን እንለምናለን፤ አባቴ አያይም፣ ወይም እንዳላየ ይሆናል። እናቴ ንፍሮውን ራሷ እየቀቀለች አባቴን ግን አላነጋግር አለች፤ የምትለው ሲኖር ለዶሮዋ ትነግራታለች፣ አባቴም መልሱን ለዶሮዋ ይሰጣል። ለገና ዶሮዋ ታረደችና ኩርፊያውም በዚያው አበቃ።

ማሽላው ከፋሲካ በፊት አለቀ። እንዳለውም ቆቦ ሄደን የእርዳታ እህል ከሚታደልበት ድንኳን ፊት ተሰለፍን። እናቴ በነጠላዋ ተሸፋፍና አንገቷን ደፍታለች። አባቴ አጥንቱ ገጥጦ፣ ከፊቱ ከቆመው ሽማግሌ ጋር ስለ ዝናብ ያወራል፤ ድርሻውን ሲቀበል አማተበ፣ እንደማንኛውም ቀን አመሰገነ። በዚያው ክረምት ታናሽ ወንድሜ በተቅማጥ ሞተብን። ከቀብሩ ስንመለስ አባቴ ጓሮ ገብቶ፣ ባዶው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አየሁት። ተጸጽቶ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅ።

ከዚያ በኋላ በሰው በሬ እያረሰ አርጅቶ በዚያችው ጎጆ ሞተ። ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ፣ "ብዙ ዓመት ተቀይሜዋለሁ። ግን ከልጄ ሞት ሰሞን በቀር፣ ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ተኝቼ በሐሳብ ሲገላበጥ አልሰማሁትም" አለችኝ።

እኔ ዛሬ ቆርቆሮ ቤት አለኝ፣ ጡረታዬም በየወሩ ይገባል፣ ልጆቼም ይልኩልኛል። ሆኖም ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ልቤ ከዘይት ዋጋና ከግቢዬ ወሰን ጋር ይሟገታል፤ ደክሞኛል። የአባቴን ሰላም በዓይኔ እያየሁ አድጌ፣ የትኛው መንገድ ላይ እንደጣልኩት አላውቅም። እግዚአብሔርን በዕድሜዬ ብዙ ነገር ለምኜዋለሁ፣ አብዛኛውንም ሰጥቶኛል። "በቃኝ" ማለትን እንዲሰጠኝ ግን አንድም ቀን ለምኜው አላውቅም።