ስለ መንጋጋዬ ለኮምፒውተር የዋሸሁት

ሚስቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ። ልጆቹ አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው አዲስ አበባ ናቸው፤ የሚደውሉት ለበዓል ነው፣ እሱም ኔትወርኩ ከፈቀደ። ደብረ ታቦር ላይ ጤፍና ገብስ ስነግድ የኖርሁ ነኝና ባዶ ቤት አይጥ እንጂ ሌላ እንደማይጠራ አውቃለሁ። ስለዚህ የጓሮውን ክፍል ለአንዲት የጥርስ ሕክምና ተማሪ አከራየሁት።

ልጅቱ የእብናት ገበሬ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ። ሁለት ወር ሙሉ ከ«እንደምን አደሩ» እና ከ«እንደምን አመሹ» ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። አንድ አመሻሽ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጉንጬን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ጥርስዎን ነው?»

«ትንሽ ነው፣ ያልፋል።»

ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ውስጡ ጥርስ ሐኪሞች የሚማሩበት ፕሮግራም አለ። አፉን የከፈተ ሰውዬ ይታያል፤ ትጠይቀዋለች፣ ይመልሳል። በሽታውን በትክክል ከለየች አረንጓዴ ይበራል፤ ከሳተች ቀይ ይበራና የት ላይ እንደሳተች ያስረዳታል። አይቆጣም፣ አይሰለችም። እንዲህ ያለ መምህር ባገኝ እኔም ከአራተኛ ክፍል አልኮበልልም ነበር። የራስን ታካሚ መዝግቦ መለማመጃም ስላለው እኔን አስገባችኝ።

«ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ያምዎታል?»

«ያመኛል።»

«ቶሎ ይተውዎታል ወይስ ይቆያል?»

እንቅልፌን፣ ምሳዬን፣ በየትኛው ጎን እንደማላምጥ ሁሉ ጠየቀችኝ። ይህን ያህል የጠየቀኝ ሰው የለም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳትጠይቀኝ ነበር የምታውቀው።

በሳምንቱ ሕመሙ ራሱ ተወኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ላፕቶፗን አቅፋ መጥታ «ዛሬስ ጋሼ?» ስትለኝ፣ «ብሶበታል» አልሁ።

ገበያ ያስተማረኝ ነው። ዋጋ ከተቆረጠ ገዢው እህሉን ጭኖ ይሄዳል፤ ሰው አጠገብህ እንዲቆይ ከፈለግህ ነገሩን አትጨርስ። አንድ ቀን የሚያመኝ ትኩስ ነው አልሁ፣ በማግስቱ ቀዝቃዛ ነው አልሁ። ደግሞ ሌላ ቀን ሕመሙን ወደ ጆሮዬ አሻገርሁት። ክሊኒክ እንሂድ ስትለኝ «ገበያው ይለፍ» እላለሁ።

ፕሮግራሙ ግን ይሉኝታ አያውቅም። በየቀኑ ቀይ ያበራል። ምን እንደሚል ብጠይቃት፣ «መልሶቹ እርስ በርስ አይስማሙም፤ ታካሚውን እንደገና ጠይቂ ነው የሚለኝ» አለች።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን ሳትይዝ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ይህን ትምህርት ልተወው ነው።»

«ምን ሆነሽ ልጄ?»

«ሐሙስ ፈተና አለብኝ። የማላውቀውን ሰው መርምሬ በሽታውን ልለይ ነው። የእርስዎን አንድ መንጋጋ ወር ሙሉ መለየት አቅቶኝ! እብናት ብመለስ ይሻላል፤ ላም ማለብ እንኳ አይምታታብኝም።»

ብናገር ከዚያ ወዲያ አጠገቤ የሚያስቀምጣት ነገር የለም። ባልናገር ደግሞ የሰው ልጅ በእኔ ብቸኝነት ምክንያት ልትወድቅ ነው።

«አንቺ አልሳትሽም» አልኋት። «ዋሽቼሻለሁ። ሕመሙ ከተወኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል።»

ከዚያ ተነሥታ ከሱቅ በረዶ አምጥታ መንጋጋዬ ላይ አደረገችው።

«ምን ተሰማዎት?»

«ምንም።»

«እንደ ነጋዴ ነው ወይስ እንደ ታካሚ?»

«እንደ ታካሚ።»

ላፕቶፑን አምጥታ እውነቱን መዘገበችው። አረንጓዴው በራ። አልሳቀችም።

«ድኖ አይደለም የተወዎት፤ ውስጡ ያለው ነርቭ ሞቶ ነው። እንዲህ ዝም ሲል ነው የሚከፋው። ሰኞ ክሊኒክ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

ሰኞ ጥርሱ ተነቀለ። ሐሙስ ፈተናዋን አለፈች። ከዚያ ወዲያ ከጓደኞቿ ጋር ቤተ መጻሕፍት ማጥናት ጀመረች፤ እኔን ሰላም ብላኝ ታልፋለች። አንድ ቀን ግን ቁልፏን በበሩ ላይ እንዳደረገች ዞር አለች።

«ጋሼ፣ የሚያምዎ ነገር የለም?»

«የለም» አልሁ፤ ስለ ጥርስ እስከሆነ ድረስ እውነቴን ነበር።

«እሰይ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።