ሰላምታው እስኪመለስ

አክስቴ ሰዎቹ እየቀለዱባት መሆኑን ታውቅ ነበር? መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። ታውቅ ነበር ካልኩ ያን ቀን ያደረገችው ነገር አይገባኝም። አታውቅም ካልኩ ደግሞ ያሳደገችኝን ሴት ቂል ማድረግ ይሆንብኛል። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

አክስቴ በአንድ ሆስፒታል ተረኛ መዳቢ ነበረች። ማን ጠዋት እንደሚገባ፣ ማን ሌሊት እንደሚያድር፣ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚሠራ የምትደለድለው እሷ ናት፤ ከጥበቃ እስከ አዋላጅ። ከዚያ በፊት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረች። እርጥብ አንሶላ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ግራ ጉልበቷ አለቀ። የቢሮ ወንበሩ የተሰጣት ለጉልበቷ ታዝኖ ነው፤ እሷም ይህን ረስታ አታውቅም። ወደ ቢሮዋ ለሚገባ ሁሉ፣ ሊሰድባት ለመጣም ቢሆን፣ ብድግ ትላለች።

አንድ ጠባይ ነበራት። ሰላምታዋ ሳይመለስ ጉዳይዋን አታነሳም። ሱቅ ሄዳ «እንደምን ዋልክ?» ካለች፣ ባለሱቁ «ደህና» እስኪላት ሳሙና አትጠይቅም። እሱ ሌላ ሰው ሲያስተናግድ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከኋላዋ የመጡት ገዝተው ይሄዳሉ። አብሬያት ቆሜ ጥርሴን የነከስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ሆስፒታሉ አዲስ ኃላፊ መጣለት። ግድግዳው ላይ በእጇ ጽፋ የለጠፈችውን የተረኞች ወረቀት አየና «ይሄ ምንድን ነው? የተማሪዎች የግድግዳ ጋዜጣ?» ብሎ ገንጥሎ ቀደደው። ከእንግዲህ ምደባው በኮምፒውተር፣ በኤክሴል ሰንጠረዥ እንዲሠራ፣ ስሞቹም በፊደል ተራ እንዲሆኑ አዘዘ።

«ካልቻልሽ የሚችል አይጠፋም» አላት። «ማጠቢያ ክፍልም ሰው ጎድሎታል።»

አክስቴ የልጇን ላፕቶፕ ተውሳ በአንድ ጣት እየለቀመች ሁሉንም ጻፈች። በአንደኛው ዓምድ ስም፣ በሁለተኛው የሥራ ክፍል፣ በሦስተኛው ሰዓት። የፊደል ተራው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ስሞቹን ከነሥራቸው እንዴት አድርጋ ታዛውራቸው? እኔ ኤክሴል የሚባል ነገር አላውቅም። ልጇ ታውቃለች፤ ቢሮ ነው የምትሠራው።

«እማ፣ ደክሞኛል።»

«አንዴ ብቻ አሳዪኝ፣ የኔ እናት።»

«አንዴ ካሳየሁሽ ዕድሜ ልክሽን ልትጠይቂኝ ነው። ስልክሽን አምጪ። ቴሌግራም ላይ የኤክሴል ቡድን አለ፣ እሱ ውስጥ አስገባሻለሁ። ሥራ ፈት የሞላበት ነው፣ አንዱ ይነግርሻል።»

«ምን ብዬ ልጠይቃቸው?»

«በትህትና ጠይቂያቸው። ሌላ ምን አለሽ?»

አክስቴ ጻፈች፦ «የተከበራችሁ የዚህ ቤት ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?» ከዚያም ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።

«ጥያቄ ካለሽ ጻፊ» አላት አንዱ።

«እሺ ልጄ። በቅድሚያ ግን እንደምን አመሸህ?»

የሳቅ ምስል ዘነበ። በማግስቱ ጠዋት «እንደምን አደራችሁ?» አለች፤ ከሰዓት «እንደምን ዋላችሁ?» አለች። የሚመልስላት ጠፋ። ስም ግን ወጣላት፦ «እንደምን»። ገና ስትገባ «እንደምን መጣች! ተነሡላት!» ይላሉ። ጥያቄዋን እስከዚያ አላነሳችም ነበር። ኃላፊው ምደባውን እንድታስረክብ የሰጣት ቀን እየቀረበ ነበር።

በመጨረሻ ራሱን «የቀመር አባት» ብሎ የሰየመ ሰው ጻፈላት፦ «እናቴ፣ እንደምን አመሹ? ቤተሰብ ሰላም ነው? ሥራስ እንዴት ይዞዎታል?»

አክስቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። ለስልክ ተነሣች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። «አላልኩህም? እዚህም ጨዋ ልጅ አለ!» አለችኝ። ሰላምታውን በደንብ መለሰችና ችግሯን ነገረችው። እሱም የስሞቹን ዓምድ ብቻ እንድትመርጥ፣ ከዚያ «ደርድር» የሚለውን እንድትነካ፣ ኮምፒውተሩ «ሌሎቹስ ዓምዶች?» ብሎ ቢጠይቃት «ተዋቸው» እንድትለው፣ በመጨረሻም አስቀምጣ እንድትዘጋው አንድ በአንድ አስረዳት።

እንደነገራት አደረገች። ስሞቹ በፊደል ተራ ተሰለፉ። ሥራቸው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። እያንዳንዱ ስም ከሌላ ሰው ሥራ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። አክስቴ ያየችው ስሞቹን ብቻ ነው። «ሀ ከላይ፣ ፐ ከታች! እንዴት ያምራል!» አለች። ሰውየውን ልጅ ወልዶ እንዲስም፣ ክፉ እንዳይነካው መረቀችው። የቡድኑ ሳቅ ምርቃቱን ተከትሎ ወረደ፤ እሷ ግን ስልኩን ዘግታ ነበር። ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ተኮሰች።

ጠዋት ቦርሳዋን ይዤ ደረጃውን ላወጣት አብሬያት ሄድኩ። ማታ ለኃላፊው የላከችው ምደባ ታትሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ኮሪደሩ በሳቅ ተሞልቷል። የበሩ ጥበቃ የማዋለጃ ክፍል ደጃፍ ላይ ዱላውን ይዞ ቆሟል።

«ዛሬ አዋላጁ እኔ ነኝ! የምትወልድ ትቅረብ!»

«እኔስ?» አለች አዋላጇ። «በር ጠባቂ አድርጋኛለች። ዱላህን ወዲህ በል!»

ምጥ የያዛት አንዲት ሴት አግዳሚው ላይ የባሏን ክንድ ነክሳ ይዛለች። አዋላጇ ዞራ እስክታያት ድረስ ማንም ልብ ያላት አልነበረም።

ኃላፊው መጣ።

«ማን ነው ይሄን ያሠራሽ?»

«አንድ ጨዋ ልጅ ነው።»

«የቱ ጨዋ? ስሙ ማነው?»

«ስሙን እንኳ አላውቀውም። ሰላምታ ግን ያውቃል።»

የኮሪደሩ ሰው በሙሉ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም።

«ቢሮ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እስከዚያ እንደነበረ መልሰሽ ካላክሽልኝ ነገ ማጠቢያ ክፍል ትገቢያለሽ።»

«ጌታዬ፣ ጉልበቴ እኮ...»

«አንሶላ የሚታጠበው በእጅ ነው።»

ቤት እንደገባን ላፕቶፑን ከፈትኩ። «ሁሉም ጭንቅላትሽ ውስጥ አለ» አልኳት። «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍ። ይደርሳል።»

«አይሆንም። ያሳየኝ ልጅ ይመልሰዋል። ሳልነግረው ብጀምር እሱን ማሳጣት ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ ጻፈችለት። ወዲያው መለሰላት።

«በጣም ቀላል ነው እናቴ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ። ብቻ የቤቱ ደንብ ተለውጧል። ጥያቄ ያለው ሰው መጀመሪያ አባላቱን አንድ በአንድ ሰላም ማለት አለበት።»

«እየቀለደብሽ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰላም ማለት ምን ክፋት አለው?» አለችኝና የአባላቱን ስም ከላይ ጀመረች። ስማቸው ራሱ ስድብ ነበር። አክስቴ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ፊት አሳየች። «የተከበርክ ብቸኛው ተኩላ፣ እንደምን ዋልክ? የተከበርክ ሚስት ፈላጊ፣ እንደምን ዋልክ? የተከበርሽ አትንኩኝ፣ እንደምን ዋልሽ?» አንዱ «አልሰማሁም፣ ይደገም» አላት፤ ደገመችለት። ሌላው «ጤናዬን አልጠየቅሽኝም» አላት፤ ጠየቀችው። ወሬውን ሰምተው ሊያዩ የገቡ አዳዲስ ሰዎችም ነበሩ፤ እነሱንም ጨመረቻቸው። ምሳ አልበላችም። ስልኩን ልነጥቃት ስሞክር እጄን ያዘችኝ።

«ተወኝ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንተ ሂድና መጽሐፍህን አንብብ።»

ስሞቹን ጨርሳ ለቀመር አባት ነገረችው።

«እናቴ፣ አንድ ሰው ዘለዋል።»

«ማንን ዘለልኩ ልጄ?»

«እኔን። እኔን እንደምን ዋልክ አላሉኝም።»

አክስቴ ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። ከዚያ በዚያው በአንድ ጣቷ ጻፈች፦ «ይቅርታ ልጄ። እንደምን ዋልክ?»

መልስ አልመጣም። ስልኩ ከቡድኑ መወገዷን የሚናገር አንዲት መስመር ብቻ አሳያት። መስመሯን አነበበች። ስልኩን ፊቱን ደፍታ ትራሱ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ከነጫማዋ ጋደም አለች፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ላፕቶፑ እንደተከፈተ ነው። ቀስ ብዬ ስጠራት አልመለሰችልኝም፤ እንቅልፍ ወስዷታል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፣ ቢሮው ተዘግቷል።