እንደሚረጋማ ይታወቃል

ትናንት ቡራዩ ቤታችን ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ልጄን ሲፈንን ለአንድ ወጣት ሊጠይቁ ነው። ትልቁ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ደጅ ልንጠና መጥተናል» ሲሉ መልስ ማሰብ ሲገባኝ ልቤ ሽው ብሎ ሱሉልታ ገባ።

ያኔ በወጣትነቴ ሰበታ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ማስተርስ እማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን ነገር ለሰው ሳስረዳ መከራዬን አይ ነበር። አንድ የተዘጋ ሣጥን አስቡ፤ ውስጡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የአየር ቅንጣቶች አሉ። ግማሾቹ እንደ እብድ ይሮጣሉ፣ ግማሾቹ ያዘግማሉ። ሲጋጩ፣ ሲጋጩ፣ ፍጥነታቸውን እየተካፈሉ ሣጥኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ሙቀት ይይዛል። እያንዳንዱ ቅንጣት መሮጡን አይተውም፤ ጠቅላላው ግን ይረጋል። እንደሚረጋማ ከእኔ በፊት የነበሩት አረጋግጠውታል። የእኔ ጣጣ «በምን ያህል ፍጥነት?» የሚለው ነበር። ደግሞ የሚያስቸግሩት ከልክ በላይ የሚፈጥኑት ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነሱ እስኪሰክኑ ሁሉም ይጠብቃል።

እኔም ራሴ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበርኩ። የሱሉልታዋን ሌንሴን ዩኒቨርሲቲ ተዋውቄ፣ ወድጄ፣ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ኦቦ በዳዳ «ቤተሰብ እንማከርበት፤ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» አሉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን አራከሰ እንደሚባል አውቃለሁ። ግን አንድ ነጋዴም ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። ብትሰጥበትስ? አንዲት መስመር ቀመር ጽፌ መጨረስ አቃተኝ።

በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሰበታ ሚኒባስ ያዝኩ። አዲሱ ገበያ ወርጄ ቆሎ ገዛሁ፤ ማላመጥ ግን አልቻልኩም። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ እኔ ሹፌሩን በሆዴ እረግማለሁ። ሽማግሌ የላከ ልጅ መልስ ሳያገኝ የልጅቷን ደጅ አይረግጥም፤ ነውር ነው። አይ ጉርምስና! ረገጥኩት።

ኦቦ በዳዳ ከሣር ክምራቸው ላይ በመንሽ ለላሞቻቸው ሣር ያወርዳሉ። «አካም ጅርታ?» አሉኝ፣ ምንም ሳይደነግጡ።

«ደህና ነኝ፣ ኦቦ በዳዳ። መጠበቁ ስላቃተኝ ነው… አንቱ እሺ ካላሉኝ…»

«ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማረው?»

ነፋሱ ሣሩን ፊቴ ላይ እየበተነው የሣጥኑን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«ሲረጋ፣ ሲረጋ፣ አንዱ መጥቶ ከውጭ ቢያናውጠውስ?»

«ያው… እንደ አዲስ ይጀምራል።»

መንሹን ክምሩ ላይ ሰኩት። «እንግዲህ አናውጠኸዋል። ለሽማግሌዎችህ ንገራቸው፤ ፋሲካው ቀርቷል፣ ለመስቀል ይምጡ። እስከዚያ ቱሪ! ቆይ!»

ለመስቀል! ክረምቱን በሙሉ! ሌንሴ ድምፃችንን ሰምታ ከቤት ወጣች። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ?» ብላ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። አባቷ ዞር ብለው ትክ ብለው አዩዋት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ ሣራቸው ተመለሱ። በጣም የተቆጡ መሰለኝ።

ያን ክረምት አልረሳውም። የሰበታ ጭቃ ጫማዬን ይውጣል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አከራዬ «ልጄ፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ!» ይሉኝ ነበር። በስተመጨረሻ ለቅንጣቶቼ «ከዚህ በላይ አይዘገዩም» የሚል ገደብ አገኘሁላቸው። ለራሴ ግን አላገኘሁም። የነጋዴው ነገር ባዶ ወሬ ሆኖ ቀረ፤ ለመስቀልም ሌንሴን ሰጡኝ። ሠርጋችን ላይ ኦቦ በዳዳ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ ሲተርቡኝ አመሹ። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ቀጡኝ ብዬ ስንት ዘመን አማኋቸው።

ትናንት ሽማግሌዎቹ መልሴን ሲጠብቁ ሌንሴ በመስኮት አየት አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ልጁ በር ላይ ነው፤ ይንቆራጠጣል» አለችኝ፣ ሳቋን አፍና። አሳዘነኝ። ወዲያው ከጓዳ የሲፈን ድምፅ ተሰማኝ፤ ከእህቷ ጋር በሆነ ነገር እየተሳሳቁ ነው። ሆዴ ባባ። ዕድሜዬን ሙሉ ነገር ቶሎ እንደሚረጋ ለማሳየት ስደክም የኖርኩ ሰው፣ ምነው ትንሽ በዘገየ አልኩ። ለካ ኦቦ በዳዳ አልቀጡኝም። ልጃቸውን አንድ ክረምት ቤታቸው ማቆየታቸው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ልላቸው ነበር ያሰብኩት።

«ለመስቀል ተመለሱ» አልኳቸው።