ሰደቃ የሆነችው የርቢ በግ

በብድር የተሰጠች በግ ድሃን ከድህነት ታወጣለች የሚል ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር እስማማለሁ፤ መስማማት ደግሞ ልማዴ አይደለም። የማልስማማው በምክንያቱ ነው። ጸሐፊዎቹ ስለ ጸጉሩ፣ ስለ ግልገሉ፣ ስለ ገበያው ያወራሉ። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ቀዬአችን እኔ የማውቃት በግ ትልቁ ጥቅሟ ሰው ማምጣቷ ነበር።

በረሃቡ ዓመት አባቴ እህል ፍለጋ በወግዲ በኩል ቆላ ወረደ፤ አልተመለሰም። ከጎረቤቶቻችን ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ተሰደደ። እናቴ ማን ይመጣል ብላ በር መዝጋት ተወች።

ዝናቡ ሲመለስ ከወንዝ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሼህ ሴት በግ እየነዱ መጡ። የርቢ ናት አሉ። የርቢ ማለት እናቲቱ የሰጪው ሆና ትቆያለች፤ ጸጉሯ ለአርቢው ነው፤ ግልገሎቿን ተራ በተራ ይካፈላሉ፣ የመጀመሪያው የሰጪው። እናቴ ገመዱን አልተቀበለችም።

«ለከርሞ መኖሬን በምን አወቁ?» አለቻቸው።

«አብሽሪ እህቴ፤ ባላውቅ በጌን አልሰጥሽም ነበር።»

ይህን ስትሰማ ገመዱን ተቀበለች። ከዚያ ወዲያ ሼሁ ከገበያ ሲመለሱ በደጃችን ያልፋሉ። በራችን አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የበጓን ጀርባ ይዳብሳሉ። በጌን አከሳሽብኝ ይላሉ። እናቴም ሣሩስ ሞልቷል፣ የጌታዋን ስስት ወርሳ ነው ትላለች። ከዚያ ማን እንደሞተ፣ ማን ከኩታበር በኩል በሕይወት እንደተመለሰ፣ ገብስ ምን እንዳወጣ ይነግሯታል። እናቴ የሳምንቱን ቃል ሁሉ ያን ከሰዓት በኋላ ትጨርሰው ነበር።

አብዮቱ መጣና ዘማች ተማሪዎች ደረሱ። ከግራሩ ሥር በተጠራው ስብሰባ አንዱ፣ ችግራችንን ከእኛ አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ፣ ርቢ ብዝበዛ መሆኑን አስረዳን። በዚያ ሰሞን በዝባዥ መባል ያሳስር ነበር። ሼሁን አስነሳቸው።

«አንተ፣ ከዚች ብቸኛ ሴት ግልገል ትቀበላለህ?»

ሼሁ መሬት መሬቱን አዩ። «የርቢ አይደለችም» አሉ። «ሰደቃ ነው የሰጠኋት።»

ተጨበጨበ። ልጁ ወደ እናቴ ዞሮ እማማ ደስ ይበልዎ፣ በጓ የእርስዎ ናት አላት። እናቴ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሼሁን አየቻቸውና መልሳ ዘጋችው። ሰደቃ የተሰጠው ሰው ይታዘንለታል እንጂ ለከርሞ ይኖራል ተብሎ አይጠበቅም። በአንድ ቃል በጓን አገኘች፣ ለከርሞ የሚጠብቃትን ሰው አጣች።

ሼሁ መምጣት አቆሙ። ሰደቃውን እየዞረ የሚጎበኝ ሰው የለም፤ ደጃችን ላይ ቢታዩ ደግሞ ግልገል ሊቀበሉ ነው ይባላል። በጓ የመጀመሪያ ግልገሏን ሴት ወለደች፤ እናቴም ግልገሏ ጡት እስክትጥል ጠብቃ፣ አቅፋት ወንዙን ተሻገረች። እኔም ተከተልኳት። የሼሁ ሚስት አጥሩ ድረስ ወጡ።

«እዚህ ቤት በግ የለንም፣ እቴዋ። መልሻት፤ አላህ ይጠብቅሽ።»

ከቤት ውስጥ የሽማግሌ ሳል ተሰማ። እናቴ ጥቂት ቆማ አዳመጠችና ተመለሰች። ወንዙ ጋ ስንደርስ፣ «ድምፃቸው ደህና ነው» አለች።

በጎቹ ረቡ። ቤታችን አዲስ ሣር ለበሰ፤ እኔም መካነ ሰላም ወርጄ ተማርኩ፤ ጽሑፎቹ የሚሉት ሁሉ ደረሰልን። ያቺን የሼሁን ድርሻ ግን እናቴ አልሸጠቻትም፤ እኛ ዘንድ አረጀች። ለእረፍት ስመጣ አያለሁ፦ በገበያ ቀን እናቴ ድንጋዩን ትጠርግና በጓን ከጎኑ ታስራታለች፣ ጀርባዋ ለእጅ እንዲመች አድርጋ።