በሩ የሚያመሰግነው ሰው

ከሚዛን ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመው የሐጂ ሻሚል ሕንጻ ከታች ሱቆች፣ ከላይ ቢሮዎች፣ ከኋላ ደግሞ የቡና ናሙና የሚቀመጥበት ክፍል አለው። ሕንጻው ከተሠራ ጀምሮ ቁልፎቹን የሚይዘው ሳህሉ ነበር። ሳህሉ ረጅም፣ ከትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። መምጣቱ የሚታወቀው ግን በቁመቱ ሳይሆን ቀበቶው ላይ ባንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ድምፅ ነበር።

የተወለደው ሸኮ ነው። በወጣትነቱ ቴፒ አጠገብ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ለብዙ መኸር ሠርቷል፤ የሚያዳልጠውን ቡና ውኃ ውስጥ ሲያሽ የጣቶቹ ቆዳ አልቆ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሶ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ሥራው ጠዋት መክፈትና ማታ መዝጋት ሆነ። ነጋዴዎቹ ይህን እንደ ተራ ሥራ አያዩትም ነበር። እግረ እርጥብና እግረ ደረቅ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ የሳህሉ እጅ እርጥብ ነው፣ እሱ በከፈተው ቀን ገበያው ይደምቃል ይላሉ። ጨርቅ ነጋዴዋ ቱርከያማ ከሁሉም ትብሳለች። አንድ ጊዜ ሳህሉን ወባ ይዞት ሌላ ሰው በሩን ቢከፍት፣ ሱቋ ሳትገባ ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

ሐጂ ሻሚል ተከራይ በለቀቀ ቁጥር ቁልፍ መቀየር ሰለቻቸው። አንድ ቀን ፈሀድ የሚባል ባለሙያ ከጅማ አስመጡ። ፈሀድ የድሮዎቹን ቁልፎች ከበሮቹ ነቅሎ ቀዳዳቸውን በብረት ደፈነ፤ በየበሩ አናት ላይ ጠንካራ ማግኔት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ መዳፍ የምታክል የጣት አሻራ ማንበቢያ ገጠመ። ከዚያ የሕንጻውን ሰዎች አሰልፎ ጣታቸውን መመዝገብ ጀመረ።

ወጣቱ ጥበቃ ቲቶ አውራ ጣቱን ሲያስቀምጥ መሣሪያው በሴት ድምፅ «ታንክ ዩ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የቱርከያን ጣት ተቀበለ፤ የጽዳት ሠራተኛዋን የሎሚንም ተቀበለ። የሳህሉ ተራ ሲደርስ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ እስቲ ጠረግ አድርገህ ድገመው» አለ ፈሀድ።

ሳህሉ ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ደገመ። መሣሪያው ቀይ መብራት አሳየ።

«ጣትህ ላይ ምንም የለም እኮ!»

«ጣት ነው፤ ምን እንዲኖረው ፈልገህ ነው?» አለ ሳህሉ። ነጋዴዎቹ እንደገና ሳቁ፤ በዚህኛው ሳቅ ሳህሉ አልተካፈለም።

ፈሀድ ካርድ ሰጠው። ካርዱ በሩን ይከፍታል፤ ሲነካ ግን መሣሪያው «ጢጥ» ከማለት በቀር ምንም አይልም። ሌላውን ሰው የመመዝገብና የመሰረዝ ሥልጣን ለቲቶ ተሰጠ። ለሳህሉ የቀረው ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር፤ ከደረጃው ሥር ያለው፣ የበሮቹ ባትሪ የተቀመጠበት ቁም ሳጥን ቁልፍ። ፈሀድ ያን ቁልፍ ሲያስረክበው አንድ ነገር ነገረው፦ «መብራት ሲጠፋ በሮቹን የሚይዛቸው ይህ ባትሪ ነው። ባትሪው ከወጣ ማግኔቱ ይለቃል፤ በሮቹ በሙሉ ክፍት ናቸው። እሳት ቢነሳ ሰው ውስጥ እንዳይቀር ተብሎ ነው።» ቲቶ ይህን አልሰማም። ውጭ ቆሞ ለባጃጅ ሾፌሮች አውራ ጣቱን ያሳይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቲቶ በሩን ሲከፍት ቱርከያ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ይሄ ማሽን እጅ የለውም። ሳህሉ ካልገፋው አልገባም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥርዓቱ እንዲህ ሆነ፤ ቲቶ አውራ ጣቱን ያስቀምጣል፣ መሣሪያው ያመሰግነዋል፣ ሳህሉ በሩን ይገፋል። ቱርከያ ለሳህሉ ክብር የሰጠችው መስሏት ነበር። እሱ ግን በየጠዋቱ ከቲቶ ኋላ ቆሞ ያን ድምፅ መስማት ግዴታው ሆነ። ቲቶ ጣቱን ከማስቀመጡ በፊት በትንፋሹ ሲያሞቀው ያያል። ቅባት ገዝቶ እጁን እንደ ሙሽራ ሲቀባም አይቷል። ሕንጻውን በፀሐይም በዝናብም ሲከፍትና ሲዘጋ ለኖረ ሰው ማንም «አመሰግናለሁ» ብሎት አያውቅም፤ ትናንት ለመጣ አውራ ጣት ግን ግድግዳው ሳይቀር ያመሰግናል። ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ሰው እንደማያየው ሲያረጋግጥ፣ የራሱን አውራ ጣት ይሞክር ነበር። ቀይ መብራት።

አንድ እሑድ ጠዋት የከተማው መብራት ጠፋ። ቲቶ በባጃጅ እየከነፈ ወደ ሳህሉ ቤት መጣ። በሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወተው እሱ ነበር።

«ጋሼ ሳህሉ፣ ከቱም ከተማ መዘምራን እንግዶች መጥተውብናል፤ ኪቦርዱ ሞቷል። የበሩን ባትሪ ለፕሮግራሙ ብቻ አውሰኝ።»

«በሩስ?»

«መብራት ከሌለ ማሽኑ አይሠራም። ማሽኑ ካልሠራ ማን ይከፍተዋል? እንደውም የባሰ ይዘጋል!»

ሳህሉ አላረመውም፤ ቁልፉን ከቀበቶው ፈታ። አብረው ሄዱ፤ ቲቶ ባትሪውን ተሸክሞ ሲወጣ «ጋሼ፣ በሩን ሳበው» አለ። ሳህሉ ሳበው። በሩ ገጠመ፤ ግን አልተያዘም።

ባጃጁ ሲሄድ ሳህሉ ከመንገዱ ማዶ ካለ ዝግ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። በመጀመሪያ የሚያልፍ ሰው በሩ ክፍት መሆኑን ያያል፤ ይጮኻል፤ ሐጂ ይጠራሉ፤ የቲቶ አውራ ጣትም አውራነቱ ያበቃል። ቁልፎቹም ወደ ቀበቶው ይመለሳሉ። ሰው ግን አልመጣም። ዝናብ መጣ። ነፋሱ በሩን ገፋ አደረገው፤ በስንጥቁ የቱርከያ ጣቃ ጨርቆች ቀይና አረንጓዴ ሆነው ታዩት።

አንድ የማር ጀሪካን የያዘ ሰው ከዝናቡ ለመጠለል እየሮጠ መጥቶ በሩን ተደገፈና ወደ ውስጥ ተንደረደረ። ሳህሉ መንገዱን እንዴት እንደተሻገረ አያስታውስም።

«ውጣ! ዝግ ነው!»

«ዝግ ከሆነ እንዴት ገባሁ?» አለ ባለማሩ።

«ዝግ ነው አልኩህ!»

ሰውየው እያጉረመረመ ሄደ። ሳህሉ እጁን ወደ ቀበቶው ላከ፤ ከአንዲቷ የቁም ሳጥን ቁልፍ በቀር ምንም የለም። የሚቆልፍበት ቀዳዳም ተደፍኗል። ሌላ መላ ሲያጣ በሩን በጀርባው ተደግፎ ቆመ። ውኃው ከጣሪያው ጠርዝ ቀጥታ ጫማው ላይ ይወርድ ነበር።

ሐጂ ሻሚል ከመስጊድ ሲመለሱ መኪናቸውን አቁመው መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

«ሳህሉ፣ በሩ ላይ ተለጥፈህ ምን ትሠራለህ?»

ወዲያው ቲቶ ባትሪውን ታቅፎ ከባጃጅ ወረደ። ሐጂ ከመኪናው ወጥተው ባትሪውን፣ በሩን፣ ከዚያ ሳህሉን አዩ።

«የኔ ባትሪ የት ከርሞ ነው?»

«ለመዝሙር ነው ሐጂ» አለ ቲቶ። «ኪቦርዱ…»

«ቁልፉን ማን ሰጠህ?»

ቁልፉ የማን እንደሆነ ለሐጂ መንገር አያስፈልግም ነበር።

«ሳህሉ፣ ባትሪው ሲወጣ በሩ እንደሚለቅ ፈሀድ አልነገረህም?»

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ እያወቅክ ለምን ሰጠኸው?»

ሳህሉ ብዙ መልስ ነበረው። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለእሱ ታንክ ዩ ይለዋል» አለ።

«ማን?»

«ማሽኑ።»

ሐጂ ሁለቱን ተራ በተራ አዩ። «ያ አላህ! በር ላስገጥም ብዬ ጣውንት አመጣሁ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሳህሉ የመጨረሻዋን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አኖረ። ሐጂ በኪሳቸው ከትተዋት ሄዱ።

መብራት እስኪመጣ ሳይጠብቅ ቲቶ ባትሪውን ክፍት በቀረው ቁም ሳጥን ውስጥ አገናኘ። ማግኔቱ «ቋ» ብሎ ያዘ። ሳህሉ ሊሄድ ሲል ቲቶ ጠራው።

«ጋሼ፣ ትንሿን ጣትህን አምጣ።»

«ለምን?»

«ያኔ ፈሀድ ‹አውራ ጣቱ እምቢ ካለ ትንሿን ሞክርለት› ብሎኝ ነበር።»

ሳህሉ ዞረ። «ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልሞከርክልኝም?»

ቲቶ ጫማውን እያየ መለሰ። «በሩን የምከፍተው እኔ፤ ቱርከያ የምትጠብቀው አንተን። ነጋዴው ሁሉ የሚያየው ያንተን እጅ ነው። ጣትም ከጨመርኩልህ ለኔ ምን ይቀረኛል?»

ሳህሉ ትንሿን ጣቱን አስቀመጠ። መሣሪያው ጣቱን ደጋግሞ እንዲያነሣና እንዲያስቀምጥ አደረገው፤ በመጨረሻም «ታንክ ዩ» አለ። ሳህሉ በአንድ ጊዜ ብቻ ማመን አልፈለገምና ደገመው። መሣሪያው ያመሰገነው ለቲቶ በሚናገርበት በዚያው ድምፅ ነበር፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም በሩ ላይ ቀድመው ተገኙ።

«ዛሬ እኔ እከፍታለሁ» አለ ሳህሉ።

«ክፈት። እኔ እገፋለሁ» አለ ቲቶ።

«መግፋቱ የኔ ነው።»

«ከፍተህም ገፍተህም? እኔ መጋረጃ ነኝ?»

ነጋዴዎቹ ተሰበሰቡ። ቱርከያ ጃንጥላዋን መሬት ላይ መታች። «እናንተ ሰዎች፣ ገበያው እኮ አለፈ! አንዳችሁ ክፈቱት!»

አንዳቸውም ለሌላው አልለቀቁም። በዚህ መሐል ሎሚ በባልዲዋ ሁለቱን ከፈል አድርጋ፣ በክርናቸው ሥር ሾልካ ጣቷን አስቀመጠች። «ታንክ ዩ» አለ ግድግዳው። አንዱ እጇ በባልዲው፣ ሌላው በመሣሪያው ስለተያዘ በሩን በዳሌዋ ገፋችውና ገባች። ቱርከያ «እግዞ» ብላ ብትቆምም፣ ሕዝቡ ከኋላ ገፍቶ አስገባት።

ያን ዕለት ከቱም የመጡ የሠርግ ሰዎች ለሙሽራዋና ለሚዜዎቿ ጨርቅ ከቱርከያ ሱቅ ገዝተው ጣቃዎቹን አራቆቷቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ሳህሉ ትንሿን ጣቱን፣ ቲቶ አውራ ጣቱን አዘጋጅተው ቆመው ነበር። ቱርከያ መጣች፤ ሁለቱንም አልፋ መንገዱን ማዶ ለማዶ አየች።

«ሎሚስ?» አለች። «ሎሚ የት አለች? እሷ ሳትመጣ አልገባም።»

ሎሚ ባልዲዋን ይዛ ከታች እየመጣች ነበር። ሳህሉና ቲቶ ጎን ለጎን ሆነው እጇን ያዩ ጀመር።