ገብስ እየመረጡ ስለ ኮከብ የጠየቁት አጎቴ

በአጎቴ ተዝካር ቀን አንድ ዘመዳችን ጣቱን ወደ ልጄ ቀስሮ «ሽማግሌውን ያስካደች እሷ ናት!» አለ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። ጾም ሳይሽሩ፣ ኪዳን ሳያጓድሉ የኖሩት ሰው ናቸው የካዱት?

አጎቴ ዳባት ካለው ማሳቸው ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የዘር ገብስ በእጃቸው ይመርጡ ነበር። «ይህ የአባቴ ገብስ አይደለም፤ በየዓመቱ ስመርጠው ተለወጠ» ይሉ ነበር።

አምና፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ሰማዩም እንደ ገብሱ በብዙ ዘመን እየተለወጠ እዚህ እንደደረሰ፣ ከሞቱ ከዋክብት ትቢያም ሌሎች እንደተወለዱ ነገረቻቸው።

«ማን እየመረጠ?» አሏት።

«ማንም ሳይመርጥ፣ አያ።»

«እኔ ለአንድ ቁና ገብስ ወገቤ እስኪቆረጥ እቀመጣለሁ፤ ለዚያ ሁሉ ኮከብ የሚቀመጥ የለም ትዪኛለሽ?» ብለው ሳቁ። «በይ ቀጥዪ፤ ሸጋ ወሬ ነው።»

እኔ ግን «አፍሽን ያዢ!» ብዬ አስነሣኋት። ከዘመዳችን ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ቀድሜ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ።

እርሳቸውን የሰጠን አምላክ ይመስገን። ዘንድሮ ድንጋዩ ባዶ ነው፤ ዘሩም አልተመረጠም። ዛሬ የገብሱን ነዶ ይዤ ተቀመጥኩበትና ልጄን ጠራኋት።

«ለአያ ስትነግሪ ካቆምሽበት ቀጥዪልኝ» አልኳት።